ከጅቡቲ የመጣው ውሃ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ዛሬም አልወጣችም። ዘጠኝ ቀኗ። በክረምት መቱ ላይ ፀሐይ መጠበቅ ለእብድ እንኳ ይከብዳል፤ እኔ ግን የማስተርስ ማሟያዬን እሷ ላይ አንጠልጥዬ ቁጭ ብያለሁ። ብርሃን ሲያርፍበት ከባሕር ውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ዱቄት ሠራሁ ብዬ ፎክሬ! የላቦራቶሪው መብራት ተቃጥሏል፤ ምትክ የለም። የቀረችኝ የሰማይዋ ናት።

በእጄ ያለው፦ ሦስት ግራም ዱቄት። ወንድሜ ደረጀ ከሦስት ሳምንት በፊት ከጅቡቲ በጭነት መኪናው ያመጣልኝ አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ፣ አምስት ሊትር። እስከ ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት።

በፊት የገበያ ጨው በጥብጬ ስሠራ አማካሪዬ ዶክተር ገመቹ «ይሄ ሾርባ ነው እንጂ ባሕር አይደለም» ብለው ስቀውብኛል። ላቦራቶሪው ጣሪያው ስለሚያፈስ ጀሪካኑ ደረጀ እንዳስቀመጠው እማዬ ክፍል ነው።

እማዬ እግሯ አብጧል። መድኃኒቷን ፊቴ ትውጣለች፣ ወጧን ያለ ጨው እሠራለሁ፤ ደም ግፊቱ ግን አይወርድም። ተደብቃ ጨው እየነሰነሰች መሆን አለበት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሆስፒታል ወሰድኳት። ግፊቷ ካለፈው ብሷል። ነርሷ እጇን ይዛ «ሃዸ ኮ፣ ሶጊዳ ዺሳ» አለቻት፤ ጨው ይተዉ፣ እናቴ። እማዬ በኦሮምኛም በአማርኛም ማለች። «ሥላሴን! ጨው ባፌ አልዞረም!»

አላመንኳትም። መንገዱን ሙሉ ስነዘንዛት መጣሁ። «ልጅ ነሽ እንዴ?» አልኳት። እቤት ስንደርስ የጨው ዕቃውን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች።

ሰማዩ ጥቁር ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣች። ያኔ እንደመጣ በላስቲክ ጠርሙስ የወሰድኩትን የባሕር ውሃ ከዱቄቱ ጋር ቀላቅዬ በመስታወት ቱቦ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቱቦው አናት ላይ ጋዝ ተጠራቀመ። ክብሪት ሳስጠጋው ጷ! አለ። ሃይድሮጅን! ብቻዬን ዘለልኩ። ዶክተር ገመቹ «ጥሩ። አንድ ጊዜ ግን ዕድል ሊሆን ይችላል፣ ሁለቴ ድገሚው» አሉኝ። ውሃ ላመጣ በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ።

ጀሪካኑን ሳነሳው ቀለለኝ። ከግማሽ በላዩ ጎድሏል።

«ማነው የነካው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ጸበሉን? እኔ ነኝ» አለች እማዬ ደንግጣ። «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ አንዳንድ ስኒ። እግሬንም እታጠብበታለሁ። አንቺ ጸበል ስጠጣ ስለምትቆጪ ነው ያልነገርኩሽ።»

ደረጀ በሚያልፍበት ሁሉ ጸበል ቀድቶላት ይመጣል፤ ሁልጊዜም የሚያስቀምጠው እዚያው ራስጌዋ ነው። ስለ ባሕሩ ውሃ እኔ አንድም ቀን ምንም አልነገርኳት።

«የሁለት ዓመት ድካሜን ጠጣሽብኝ!» አልኳት። በዚህ ቃል። የተረፈውን አንጠልጥዬ ወጣሁ፤ ፀሐይዋ ሳትሸሽ ልድረስ ብዬ።

ባጃጁ ውስጥ ነው የገባኝ። ጨው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከራስጌዋ። መሐላዋ እውነት ነበር።

ዩኒቨርሲቲው በር ልንደርስ ነበር። ባጃጁን አላስመለስኩትም። አንድ ሰዓት ብቻ አልኩ፣ አንድ ሰዓት ምን ያመጣል?

ዱቄቱን ቀላቅዬ ሳልጨርስ ደመናው መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደወለችልኝ፤ እማዬ በረንዳው ላይ ወድቃለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ትላንት አልጻፍኩም። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀላል ነው ይላሉ። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ግራ እጇ አይታዘዝም። ለሐኪሙ የጠጣችውን ነገርኩት። አቀርቅሮ ጻፈ፤ ባይጽፍና ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ደረጀ ከመንገድ ደወለ። «አንቺ ነግረሻታል ብዬ እኮ ነው!» እያለ አለቀሰ። እኔ ደግሞ እሱ ነግሯታል ብዬ አልነበረም። ጭራሽ አላሰብኩበትም። ይህን አልነገርኩትም።

ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው። ዶክተር ገመቹ ሁለት ጊዜ ደወሉ። አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ግፊቷ ወረደ። ትናገራለች፣ ቃሉ እየጎተተ። ዛሬ ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጸበል ሳይሆን የባሕር ውሃ ነበር፣ በጣም ጨዋማ ነው፣ ሳልነግርሽ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ጨው ትበያለሽ ብዬ የተቆጣሁሽም በከንቱ ነው፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

ጣሪያውን አየች።

«እንዲያው አፌን ሲያቃጥለኝ» አለች ኋላ ላይ፣ «ኃይለኛ ጸበል ነው ብዬ።» ሳቀች፤ በግማሽ አፏ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

«ምን ልታደርጊበት ነበር?»

ነገርኳት። በፀሐይ ብርሃን ከውሃ ማገዶ እንደሚወጣ።

«እና ወጣልሽ?»

«አንድ ጊዜ። ትንሽ። አንድ ስኒ ውሃ እንኳ የማያሞቅ።»

«ይሁን፣ ወጥቷል» አለች። በቀኝ እጇ ግራ እጇን አንስታ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲህ አታልቅሺ። አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ብታውቂ ኖሮ ያን ቀን ጥለሽኝ አትሄጂም ነበር።»

አንገቴን ነቀነቅኩ። አዎ አልኳት።

አሁን ተኝታለች። ባጃጁ ውስጥ እንደገባኝ ነገ እነግራት ይሆናል። ወይም ከሆስፒታል ስትወጣ።