ያለ አንተ ያለቀው የኮተቤ ክረምት

ማቴዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የቀበርንህ አደዩ ገና ሳይረግፍ ነበር፤ አሁን ክረምቱ ሊወጣ ነውና የካ ጋራ ላይ እንደገና ሊፈነዳ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ልጅህም ደህና ናት።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ላውራህ። ሐና የፊት ጥርሶቿን ጥላለች፤ ስትስቅ ቁርጥ እናትህን ሆናለች። ይህን ለእናትህ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ከፋሲካ በኋላ ቆጮ አስጭነው ከዱራሜ መጡና፣ ከሳሽ፣ አለቅሽ እያሉ ሲያጎርሱኝ ከርመው ሐምሌ ሲገባ ተመለሱ። ስንጨቃጨቅበት የኖርነው ጣሪያም ተጠግኗል። ጎረቤታችን አያልነህ ነው የወጣበት። አንተ የመታኸው ምስማር ሁሉ ተነቅሎ እንደ አዲስ መመታት ነበረበት፤ እንዳትቀየመኝ። እጅህ ለጠመኔ እንጂ ለመዶሻ አልተፈጠረም።

ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጥልን ሴትዮ፣ ባለቤትሽ የት ጠፋ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሚዛኑን አስቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ፣ እሱ እኮ ዋጋ ሲከራከረኝ እንኳ እያስተማረኝ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው። ማንን ሳታስተምር ታልፍ ነበር?

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን የኮሌጁን ነገር ልነግርህ ነው።

ሁለታችንም የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆነን በክረምት እየተማርን ዲፕሎማ እንይዛለን ያልከው አንተ ነህ። እኔ ፈርቼ ነበር። ሦስቱን ክረምት አብረን ገፋን፤ አብረን ጀምረን አብረን እንጨርሳለን ትለኝ ነበር። አራተኛው፣ የመጨረሻው፣ ለእኔ ብቻ ቀረ። ካልተመለስኩ የሦስት ክረምት ልፋታችን ገደል ሊገባ ነው። ከተመለስኩ ደግሞ ያንን ግቢ ያለ አንተ እንዴት ልርገጠው?

ጠዋት ጠዋት ውይይት ታክሲ ላይ ከማናውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን፣ ጫማችን ጭቃ ጠጥቶ ኮተቤ ስንደርስ ትዝ ይልሃል? ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ እጁን አጣጥፎ እስኪያባራ ይጠብቃል። ከሐረርጌ፣ ከጎጃም፣ ከጋሞ ጎፋ የመጡት ሰዎች መኝታ ቤታቸው ውስጥ ካልሲ የሚያሰጡበት ቦታ አጥተው አልጋ ለአልጋ ገመድ ወጥረው ነበር። የፖለቲካ ትምህርት ላይ ዓይንህን ሳትጨፍን መተኛት ትችል ነበር፤ ይህን ችሎታህን እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም።

ግቢው ከአብዮቱ በፊትም መምህራን ሲያወጣ የኖረ ነው። አንተ ግን ታሪኩን ከአሮጌዎቹ ዴስኮች ላይ ነበር የምትለቅመው። በምላጭ የተቀረጹትን ስሞች በጣትህ እየዳሰስክ፣ ይኸኛው አሁን ወለጋ ውስጥ ርዕሰ መምህር ሆኖ ተማሪ ያንቀጠቅጥ ይሆናል፣ ይቺኛዋ ለዘመቻ ሄዳ እዚያው አግብታ ቀርታ ይሆናል እያልክ ለማታውቃቸው ሰዎች ኑሮ ታበጅላቸው ነበር። የእኛንም ስም ቅረጽ ስልህ፣ መምህር የመንግሥት ንብረት አያበላሽም ብለህ ተቆጣኸኝ። ያኔ እውነትህን ነው ብዬ ተውኩት፤ አሁን ግን ምነው ቀርጸኸው በነበር እላለሁ።

ከሁሉ የምትወደው የማስተማር ልምምዱን ነበር። አንዳችን መምህር ሆነን ሰሌዳው ፊት እንቆማለን፤ የቀረነው ባለ ሽበቱም ባለ ትዳሩም የሁለተኛ ክፍል ሕፃን እንሆናለን። ፈታኙ ከኋላ ተቀምጦ ነጥብ ይይዛል። አንተ ሕፃን ሁን እስኪሉህ ዕድሜህን ሙሉ ስትጠብቅ የኖርክ ነበር የምትመስለው። ጎንህ ያለውን ትቆነጥጥና፣ ቲቸር መታኝ ብለህ አንተው ቀድመህ ትጮሃለህ። ስለ ላም ጥቅም ሳስተምር እጅህን አውጥተህ፣ ቲቸር የእኛ ላም በሬ ነው፣ ጥቅም የለውም? ብለህ የጠየቅከኝ ዕለት ፈታኙ ሳይቀር ፊቱን በወረቀት ሸፍኖ ሳቀ። እኔ ግን እቤት ስንገባ አኩርፌህ አደርኩ።

ጋሽ ደምሴ ብቻ ነበሩ ሕፃን አልሆንም ያሉት። ከሰላሌ የሚመጡት ርዕሰ መምህር፣ ክራባታቸውን በዝናብም የማይፈቱት። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ ዝም ሳሰኝ ኖሬ አሁን እኔው ልንጫጫ? ይሉ ነበር። በየልምምዱ እጃቸውን አጣምረው እንደ ጉባኤ ሰብሳቢ ይቀመጣሉ። ነጥብ ሲቀነስባቸውም ደንታ አልነበራቸውም።

እንድመለስ የገፉኝ እናትህ ናቸው። ልጄ የጀመረውን ሳይጨርስ ሄደ፣ አንቺ ቆመሽ አትተዪው አሉኝ። ሄድኩ። ትምህርቱንስ እንደምንም ተወጣሁት። የፈራሁት የመጨረሻውን የማስተማር ፈተና ነበር፤ እሱን የወደቀ ዲፕሎማ የለውም።

የደረሰኝ ርዕስ ‹ቤተሰቤ› የሚል ሆነ። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። ተራዬ ደረሰና ወጣሁ። ሕፃናቱ፣ እነዚያው የክረምት ጓደኞቻችን፣ እንደ ደንባቸው ይንጫጫሉ። ሰሌዳው ላይ እናት ሣልኩ። ልጅ ሣልኩ። አባትን ልሥል እጄን አነሳሁና እዚያው ቀረሁ። ጠመኔው አልንቀሳቀስ አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆሜ ክፍሉ ጸጥ ሲል ሰማሁ። ዞር ስል አንድም ሕፃን አልቀረም። ሁሉም ትልልቅ ሰው ሆነው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ያዩኛል። ፈታኙ መጻፉን ተወ። ሮጬ ልወጣ በሩን አየሁት። ብወጣ ኖሮ ልፋታችን ሁሉ እዚያ ላይ ማለቁ ነበር።

ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ጣት ወጣ። ጋሽ ደምሴ ናቸው። ክራባታቸውን እንዳሰሩ፣ ጉልበታቸውን ገጥመው እየተቁነጠነጡ፣ በቀጭን ድምፅ፣

«እትዬ፣ ሽንቴ መጣ!» አሉ።

ማቴ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። አንተ ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። የመምህርነት አፌ ከእኔ ቀድሞኝ፣ ደምሴ፣ እረፍት ላይ ምን ስትሠራ ነበር? በል ቶሎ ደርሰህ ና! አልኳቸው። አንተ ብዬ! ጋሽ ደምሴን! ብድግ ብለው እየሮጡ ወጡ። በረንዳው ላይ ቆመው እንዳለቀሱ ኋላ ሌሎች ነገሩኝ።

ወደ ሰሌዳው ዞሬ አባትን ሣልኩት። ጆሮው ትልቅ ሆነብኝና አንተን መሰለ። ሕፃናቱ ሁሉ ተመልሰው መጡ፤ ተንጫጩ፣ ጠየቁ፣ ተሟገቱ። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አስተማርኩ። አለፍኩ፣ ማቴ። ዲፕሎማችንን ይዣለሁ። ጋሽ ደምሴን ላመሰግን ስጠጋቸው፣ ሕፃን ሁኑ ተባልን፣ ሆንን፣ ምን አለበት? ብለውኝ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ያን ዕለት እየተመለስኩ ግን ፈራሁ። መሳቄ አንተን የመርሳት መጀመሪያ መሰለኝ። ሐናን እንኳ ፊት ለፊት ማየት ከበደኝ። እራት ላይ፣ ትምህርት ቤት ምን ነበር? ስትለኝ ግን ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። መሬት ላይ እስክትንከባለል ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ፣ አባዬስ እዚያ ምን ያደርግ ነበር? አለችኝ። ከቀበርንህ ጀምሮ ስምህን አንሥታ አታውቅም ነበር። እናቴ ታለቅስብኛለች ብላ እኮ ነው፤ ይህችን የምታህል ልጅ፣ እኔን ስትጠብቀኝ ከርማለች። እኔ ደግሞ ሀዘኔን አከበርኩ ብዬ ልጅህን ካንተ ለይቻት ኖሬያለሁ።

ተነሥቼ አንተን ሆኜ፣ ቲቸር የእኛ ላም በሬ ነው እያልኩ አሳየኋት። ደጋግሚው አለችኝ፤ ደጋገምኩት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ። ልቅሶ ሲመጣም አልከለክለውም፤ አብረን አልቅሰን እንቀጥላለን። ቃሌ ይኸውልህ፤ እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት ስምህ በሹክሹክታ አይጠራም።

አስቴርህ