ተቆርጦ የቀረ ሰላምታ

ከድሬ፣

ከተለየኸኝ አምስተኛው ወር ተጋመሰ። የምጽፍልህ ተጣድፌ ነው፤ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ይቅር በለኝ። በሕይወት ሳለህም ዶሮ የጫረው ይመስላል እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ይህ ደብዳቤ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ብዬ የማንንም ስም አልጽፍበትም፣ ከቤተሰቦቻችን በቀር። ግን የሆነውን ለአንተ ካልነገርኩህ ሆዴ ይፈነዳል።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርህ። ራህመት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ልጃችን እንዳንተው ለፍላፊ ሆናለች፣ አስተማሪዋ ወሬ አበዛች ብላ ሁለቴ አስጠርታኛለች። ወንድሜ ጀማል ቤቱ ያለ ወንድ አይደር ብሎ ከኢተያ መጥቶ ከእኛ ጋር ነው። ጣሪያው በዚያችው በምታውቃት ጥግ ያፈሳል፤ ዛሬ ነገ እያልክ ጥለኸኝ ሄድክ። እሁድ ከሰዓት ሰው እንደ ወትሮው ከሱቁ ደጅ ይሰበሰባል፣ ሬዲዮኑ ይከፈታል፣ ያንተ ፕሮግራም፣ የገበሬው ጥያቄ፣ ይጀምራል። አዲሱ አቅራቢ ከገበሬ የመጣውን ደብዳቤ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው የሚያነበው። ግማሹ ላይ ሳይደርስ ሰዉ ይበተናል፤ ክፉ ነኝ መሰለኝ፣ ሲበተኑ ደስ ይለኛል።

እርሻ ቢሮው አስተርጓሚ ሆነህ ስትቀጠር፣ ጂፕ ላይ ድምፅ ማጉያ አስረህ በአሰላ ገበያ መሐል ስለ ማዳበሪያ ስትለፍፍ ነው መጀመሪያ ያየሁህ። ጓደኞቼ ለፍላፊው ባልሽ መጣ እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። በኋላ የድምፅ መቅረጫ ሰጡህና ገበሬውን በየማሳው ማነጋገር ጀመርክ። ቴፑን በጠዋቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ትልካለህ፣ እሁድ ድምፅህ ከሱቁ ሬዲዮ ይወጣል፣ አንተ ከሰዉ መሐል ቆመህ እንደማታውቀው ሰው ታዳምጣለህ። ያኔ እኔም በኩራት ልፈነዳ እደርስ ነበር፣ ይኸው ዛሬ ልንገርህ።

የአሠራርህ ነገር ግን ጉድ አመጣብን። ሰላምታው ሳያልቅ ገበሬን ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው ብለህ፣ መቅረጫውን ከፍተህ ሰውየውን በስሙ ከነአባቱ ትጠራዋለህ፤ ነገያ? ትላለህ፣ ፈያ? ትላለህ፣ ሰላምነቱን ደህንነቱን፤ ከዚያ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን፣ የማዶውን ዘመድ ሳይቀር በየተራ ትጠይቃለህ። እሱም መልሶ ያንተን ይጠይቅሃል። ፕሮግራሙ በአማርኛ ነው፣ ሰዓቱም አይበቃም፤ ስለዚህ ቴፑ ከመላኩ በፊት ያ ሁሉ የኦሮምኛ ሰላምታ ተቆርጦ ይወጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ቁራጩን ይጥለው ነበር። አንተ ግን ሰው ከልቡ የሰጠኝን ሰላምታ እንዴት መሬት ላይ እጥላለሁ ብለህ፣ በምላጭና በፕላስተር እየቀጣጠልክ አንድ ትልቅ ጥቅል አደረግከው። እኔንም ቆረጣውን አስተማርከኝ። ቢሮው በጣለው፣ አንተ በጠገንከው አሮጌ ማሽን ላይ ቁጭ ብለን የማናውቀው ሰው ላም መውለዷን ስንሰማ እንስቅ ነበር።

ትራክተሩ ከመጣ በኋላ ሳቃችን ቀረ። ባለመሬቱ ማሽን በገዛ ቁጥር ጢሰኛው ተነሣ ይባላል። ስለ ስንዴ ዋግ የሚጠይቅህ ገበሬ የት እንሂድ ይልህ ጀመር። አንተም ጥያቄውን አቀረብክለት። በሬዲዮ ስም አትጠራም፤ አንድ አባት፣ አንዲት እናት ብለህ ታልፋለህ። ግቢዋ በትራክተር የታረሰባት እናት የተናገረች እሁድ ከሱቁ ደጅ ሴቱም ወንዱም አለቀሰ። ባለመሬቶቹ ማን ናት ብለው ቢያስጨንቁህ ትንፍሽ አላልክም።

ግን አንተ ሰውዬ፣ ያ የደበቅከው ስም ሁሉ፣ ከነአባቱ፣ ከነልጆቹ፣ ተባሮ ከተጠጋበት መንደር ጋር፣ እኛው ቤት በዚያ ጥቅል ላይ ተቀምጦ እንደነበር እንዴት አላሰብክም? ሰላምታ አጠራቅማለሁ ብለህም ለቢሮው ሁሉ ደስ ብሎህ አውርተሃል። አፍህ መቼም መዝጊያ አልነበረውም።

ክረምት ላይ ዲክሲስ ገጠር በዝናብ ስትቀርጽ ውለህ መጣህ፤ ሳንባ ምች በዘጠኝ ቀን ወሰደህ። ለቅሶው ገና በሦስተኛው ቀን ካፖርት የለበሰ ሰው መጥቶ ከጀማል አጠገብ ተቀመጠ። የፋቲሓው ዱዓ ሲደረግ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ሟቹ ቤት ያስቀመጡት የመንግሥት ቴፕ አለ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ሴትየዋ ኢዳ ላይ፣ በባሏ ሐዘን ናት፣ ባዕድ ወንድ አታነጋግርም ብለው መለሱት። እሺ አለ፣ በትሕትና። አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት ሳልወጣ ተቀመጥኩ። ያንን ጊዜ ሁሉ እኔ የማዝን፣ እሱ ደግሞ የረሳን መስሎኝ ነበር። ኢዳዬ ባለቀ በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሲቆጥር ኖሯል ከድሬ! ቀኑን ከእኔ ጋር እኩል ሲቆጥር ነው የከረመው። 

አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ተማሪዎቹ አዲስ አበባ መሬት ላራሹ ብለው ከጮኹ ወዲህ በሬዲዮ የተናገሩት ጢሰኞች እነማን እንደሆኑ ይፈለጋል አለኝ። ሰላምታው ያለበትን ጥቅል ፈልጊ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ካጣሽው ደግሞ ወንድምሽ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያስታውስ ይሆናል አለ። ጀማል ፊት ነው ይህን ያለው።

ጥቅሉ ከገብሱ ጆንያ ውስጥ ነበር። ላቃጥለው ብዬ አወጣሁት። ቢጠፋ ግን ጀማልን ይወስዱታል። ብሰጠው ያን ሁሉ ሰው በእጄ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ደግሞ ልዋሽህ አልችልም፣ ድምፅህ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው፤ ቢሮው ሌላውን ሁሉ ሰብስቦ ወስዷል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ምላጭህን አነሣሁ።

ራህመት ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ጀማል ከአጨዳው ሳይመለስ፣ መስኮቱን ዘግቼ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስቆርጥ ሰነበትኩ። የሰዎቹን መልስ አወጣሁ። አንተ ስማቸውን የጠራህበትን አወጣሁ። ያንተን ነገያ፣ ያንተን ፈያ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ የሚለውን ብቻ ቀጠልኩት። በደጅ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ማሽኑን አጠፋለሁ። የቆረጥኩትን ሁሉ እሳት ውስጥ ከተትኩ፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶ ጀማል ምን አቃጠልሽ ሲለኝ ጎማ አልኩት። ስማቸውን ግን ሳልሸመድድ አንድም አላቃጠልኩም።

ቅዳሜ መጣ። ክፈቺው አለ። ከፈትኩት። ድምፅህ ቤቱን ሞላው። ነገያ? አልክ። ማንም አልመለሰም፣ ፕላስተሩ ጠቅ አለ። ፈያ? አልክ። ሰውየው ማስታወሻ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ይዟል። ከብቱ ደህና ነው? አልክ። ያን ጊዜ ከአፉ አምልጦት አልሐምዱሊላህ አለ። ከእኔ ጋር አንዲት የኦሮምኛ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ አሁን ግን አንተ በጠየቅከው ቁጥር በዝቅታ በኦሮምኛ ይመልስልሃል። ልጆቹን ስትጠይቀው መለሰ። እናቱን ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ።

እኔ መተንፈስ ስጀምር ነው ያ የሆነው። የዚያችን ግቢዋ የታረሰባትን እናት ስም ጠራህ። ጥርት አድርገህ፣ ከነአባቷ ስም። አምልጦኛል! ያን ያህል ቀን ስቆርጥ ቆይቼ፣ ዋናዋን፣ እሷኑ!  እሱም ሰምቷል፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

ማሽኑን በራሱ እጅ አጠፋ። ምላጩ የታለ አለኝ። ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ አየውና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሲጋራ አጭሼ ስመለስ ቴፑን እወስዳለሁ፣ አለቃዬ ያዳምጠዋል አለ።  ወጥቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። እኔም ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ። ሁለት ጊዜ ጣቴን ቆርጬ ፕላስተሩ በደም ራሰ። ተመልሶ ጥቅሉን ካፖርቱ ውስጥ ከተተ፣ ደህና ዋይ ሳይል ሄደ።

አለቃው ምን እንደሚል አላውቅም። ሰውየው ምን እንደጻፈም አላውቅም። ሌላ ያመለጠኝ ስም ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ይህ ነው የሚገድለኝ። ጀማል ትንሽ ካረፈደ በሩ ላይ እቆማለሁ። ራህመት አባዬን ክፈቺልኝ ትላለች፤ ተበላሽቷል እላታለሁ።

የቆረጥኳት ቁራጭ አንድ ጣት ታክል ነበር። ካንተ ድምፅ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም የሌላ ሴት ስም ትጠራለች። በሞትኩት፣ ይህን ብትሰማ እንዴት በሳቅክ! ሦስት ቀን ከጡቴ ሥር ይዣት ዋልኩ። ለማንም አትታይም፣ ጣት ታክላለች፣ ምን ታመጣለች እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዛሬ ጠዋት ጀማል አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው በሰፈሩ አየሁ አለኝ። ይሁን አይሁን እንጃ፣ ብርድ ነው፣ አገሩ ሁሉ ካፖርት ለብሷል። እኔ ግን ምድጃው ዘንድ ሄጄ ጣልኳት።

የሰዎቹን ስም ይዣለሁ፤ በየጠዋቱ አንድ በአንድ በልቤ እላቸዋለሁ፣ አንድም አልጣልኩም። ያንተን ድምፅ ነው የምፈራው። ፊትህ ፎቶ አለው፣ ልብስህ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ድምፅህ ግን ከእንግዲህ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ከፍርሃት ብዛት ጨው ያስቀመጥኩበትን እየረሳሁ ነው። አልረሳህም ከድሬ። እየፈራሁም ቢሆን አልረሳህም።

ሚስትህ ዘሃራ