የእናትሽ እግር ነገር

ለምወድሽ ልጄ፣

ከነባለቤትሽ፣ ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበታችሁ? የትንሿ ሳል ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ፤ ስልክ ሳወራ አባትሽ ከወዲያኛው ክፍል ጆሮውን ይጥላል። ይሄ ደግሞ እሱ የሚሰማው ወሬ አይደለም።

ስለ እግሬ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ድኗል! ባለፈው ስትመጪ በየደንበኛው መሐል በርጩማ ላይ ዘፍ ስትል ያየሻት እናትሽ፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ቆማ ፀጉር ትሠራለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ የውስጥ እግርሽ ቅስት ወርዶ መሬት ነክቷል ብላ ያዘዘችልኝን ስፖርት አንድም ቀን አልዘለልኩም። ፎጣ ወለል ላይ ዘርግቼ በእግሬ ጣቶች እየጨመደድኩ ወደ ራሴ እስባለሁ። ግድግዳ ይዤ ተረከዜን ቀስ ብዬ አነሳለሁ፣ ቀስ ብዬ አወርዳለሁ። ቅስቱን የሚደግፍ ነገር ጫማሽ ውስጥ አድርጊ ስትለኝ ግን፣ በገዛ ጫማዬ ምርኩዝ አላስገባም ብዬ እንቢ አልኳት። ሳቀችብኝ።

እልሄ ከማን ጋር እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባትሽ፣ እግርሽ አልቋል፣ ፀጉር ቤቱን አከራዪና ቤት ተቀመጪ ካለኝ ጀምሮ ትንፍሽ አንባባልም። የሰው አሮጌ ሶፋ ሲያድስ የኖረ ሰው ሚስቱን መጋዘን ሊያስገባ! ምግቡን አቀርባለሁ፣ ይበላል። እሱም እንደ ልማዱ ጫማዬን ወልውሎ በር ሥር ያስቀምጣል። ሌላ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ የደንበኛዬን ፀጉር ሳጥብ ውሃው አምልጦኝ ጫማዬ ውስጥ ገባ። አውልቄ ልጠርገው ጣቴን ስሰድ ገበሩ ተነሣ። ከሥሩ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከሶፋ የተረፈ ቆዳና ጠጣር ስፖንጅ፤ ጠርዙ በቢላ ስስ ተደርጎ ተልጦ፣ ልክ የውስጥ እግሬ ጋ ሲደርስ ከፍ ይላል። አባትሽ እንቢ ማለቴን በስልክ ሳወራ ሰምቶ መሆን አለበት። በአንድ ጊዜ ቢያደርገው እንደሚታወቀኝ ገብቶታል፤ ለካ በወለወለ ቁጥር ስስ ስሱን እየደረበበት ኖሯል።

አንጀቴን በላው። ደንበኛዬ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ምን ሆነሽ ትለኛለች፣ እኔ ጫማ ታቅፌ አለቅሳለሁ። ደግሞ ተናደድኩ፤ በስፖርት ብቻ ዳንኩ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለኋ! ስፖርቱም ቢሆን ድርሻ አለው፣ ይህን ማንም አይነጥቀኝም።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። መንገድ ላይ የምወቅሰውንም የማመሰግነውንም ሳሰላስል ነበር የመጣሁት። ከአፌ የወጣው ግን፣ የግራው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ይቆረቁረኛል የሚል ብቻ ሆነ። አባትሽም አልደነገጠም፣ አልካደም። ቢላውን ፈልጎ መጣና እግርሽን አምጪ አለኝ። ጭኑ ላይ አድርጎ አገላብጦ አየው፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ነገ ፀጉር ቤቱን ስንት ሰዓት እንደምከፍት ጠየቀኝ።

ስትደውዪ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ፤ ከሳቅሽ ያውቅብኛል። ልጆቹን በእኔ ስም ሳሚልኝ። ፈጣሪ መቆሚያ አያሳጣችሁ፣ ደጋፊም አይንሳችሁ።

ቆማ የምትውለው እናትሽ