ዘይት የበላው ሞተራችን

ለውድ እናቴ ለኡላዩክ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ክንድሽ ላይ መርፌ የሚገባበት ቦታ እብጠቱ ጎደለልሽ ወይ? ከኩላሊት እጥበቱ ስትመለሺ የሚይዝሽ ብርድስ ተሻለሽ? ምግቡ አሁንም ጨው አልባ ነው? የዊኒፔግ መኪና ጩኸትስ ያስተኛሻል? እኛ ደህና ነን። አክስቴ ኒፒሳ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው፤ አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ «ጻፍክላት ወይስ ገና ነህ?» እያለች ትነዘንዘኛለች።

ባለፈው በስልክ «ድምፅህ ልክ አይደለም» ስትዪኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም። በአፌ ልነግርሽ ፊት አጣሁ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ግን ከእኔው ስሚው፦ ቱሉጋቅን በሬዲዮ አዋረድኩት።

አዎ፣ ቱሉጋቅን። አባቴ በሞተበት ክረምት ጎረቤቶቻችን ወንድ ልጅ ሲወልዱ የአባቴን ስም የሰጠሽው አንቺ ነሽ። በወጋችን ስሙን የወረሰ ሟቹ ራሱ ነውና ከዚያ ወዲህ አንቺ «ባሌ» ትይዋለሽ፤ እኔም በዚህ ሽበቴ ያን ጎረምሳ «አባዬ» እለዋለሁ፣ እሱም «ልጄ» ይለኛል። እንግዲህ አገር እየሰማ አጭበርባሪ ያልኩት አባቴን ነው። ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

መነሻው ባለ አራት ጎማው ሞተራችን ነው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እርጥቡ በረዶ የአየር ማጣሪያው ላይ እየገባ ይጋገርበትና ሞተሩ ትንፋሽ አጥሮት በየመንገዱ ይጠፋብኝ ነበር። የበረዶ ሞተራችን ትዝ አለኝ፤ እሱ ያለ ማጣሪያ ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥ ኖሮ የለም? የማጣሪያውን ስፖንጅ መዝዤ አወጣሁና በረንዳው ላይ ወረወርኩት። ወዲያው እንደ አዲስ በረረ። መካኒክ የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። በረዶ ላይ አቧራ እንደሌለ፣ በበጋ ግን መንገዳችን አሸዋና ጠጠር ብቻ እንደሆነ ለማሰብ ጭንቅላቴ እምቢ አለ።

በጋው ደግሞ ዝናብ የሚባል ነገር ሳይጥል አለፈ። ሞተሩ ቀስ በቀስ ሰማያዊ ጭስ መትፋት፣ ዘይት መብላት፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረ። ያ ቀልደኛ ኪጉታቅ በየቀኑ መንገድ ላይ ያስቆመኝና ወደ ቤታቸው በኩል እንዳልፍ ይለምነኛል፤ ትንኙን በጭሱ ጨርስልን ነው የሚለው። እኔ እስቃለሁ፣ ዘይት እጨምራለሁ፣ እነዳለሁ። በዚያው ሰሞን ዘይት ሲያልቅብኝ ደጁ ላይ ሞተር የሚጠግነው ቱሉጋቅ ከራሱ ጀሪካን ቀድቶ ሰጠኝ። ይህን ያዢልኝ።

አጋዘኖቹ መጡ ሲባል አክስቴን ከኋላ ጭኜ ላንቺ ስጋ ላመጣ ወጣሁ። ሳይቀናኝ ስንመለስ ወንዙ ጋ ሞተሩ ቀጥ አለ። አክስቴ በዚያ ጉልበቷ ሸራ ተከናንባ ንፋስ ስትጠጣ ዋለች። ያገኘን ማን ይመስልሻል? ቱሉጋቅ ነው። ስንዘገይ ፈልጎን መጥቶ ሞተሩን በገመድ እየጎተተ መንደሩን ሙሉ አሳልፎ ቤት አደረሰን። ሰዉ በር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። በዓይናቸው የተላጥኩ መሰለኝ፤ አመስግኜው እንኳ አልገባሁም።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ምሳውን እየበላ ማንም ደውሎ መልእክት የሚያስተላልፍበትን የመንደራችንን ሬዲዮ በሚያዳምጥበት ሰዓት ደወልኩ። ምላሴን በቆረጠው! «ቱሉጋቅ የሚሰጣችሁን ዘይት አትንኩ፤ የተቃጠለ ዘይት ነው የሚያድለው፣ ሞተሬን ገደለብኝ» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱሉጋቅ ደጅ ሞተር የሚያሠራ ሰው ጠፋ። እሱም እኛ ቤት መጥቶ መብላት ተወ። እናቱ ለአክስቴ እንደነገረቻት፣ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ሩቅ ወዳለው ማዕድን ማውጫ ለሥራ ሊሄድ አስቦ ነበር።

እኔ ጭራሽ ማስረጃ አሳያለሁ ብዬ ኪጉታቅንና ወንድሙን ጠራሁ። በረንዳው ላይ ሞተሩን መፍታት ጀመርን። ማስነሻ ገመዱን ስስብ ባዶ ባልዲ እንደሚጎትት ገመድ ላላ ብሎ ይመጣል። ኪጉታቅ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ ሲያደርግበት ግን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖት ገመዱ ከበደኝ። ያለቁት የፒስተኑ ቀለበቶች ናቸው አለ። ስናወጣቸው እውነትም ሳስተዋል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ውሻ የቧጨረው በር መስሏል። ኪጉታቅ በአየር መግቢያው ጣቱን ሰድዶ ግራጫ ጭቃ አወጣና በጣቶቹ መሃል አሸው።

«ይሄ ዘይት አይደለም አይፒሊ። ይሄ መንገድ ነው» አለኝ።

የማጣሪያውን ሳጥን ከፈተው። ባዶ። አክስቴ ከምትሰፋው የቆዳ ጫማ ላይ ቀና ብላ፣ መርፌዎቿን የሰካችበትን ጥቁር ስፖንጅ አነሳች። «ይሄን ነው የምትፈልጉት? እሱ ራሱ ሲጥለው ነው ያነሳሁት፤ ለመርፌዬ ደግ ሆነኝ» አለች።

እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ያ ቀልደኛ ኪጉታቅ እንኳ አልሳቀም፤ ይስቅብኝ ብዬ ተመኘሁ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ወደ ሬዲዮው ለመደወል አልደፈርኩም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ያልፋል፣ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። በመጨረሻ አክስቴ ራሷ ደውላ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ማጣሪያውን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ዘይቱ ንጹህ እንደነበር ተናገርኩ። «አባዬ፣ ዋሸሁብህ» ብዬ አገር ሁሉ እየሰማ አለቀስኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ በሩን በሩን አየሁ። አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ትናንት በሩ ተከፈተና ገባ። አንድ እጁ ላይ ከአሮጌ ሞተር የተረፉ ቀለበቶች፣ በሌላው የተጠቀለለ ስጋ ይዟል። ቀለበቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፊቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ወደ ማዕድን ማውጫው ትሄዳለህ ወይ ብዬ ለመጠየቅም አቅም አጣሁ። ስጋውን እጄ ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦

«ይሄን ለሚስቴ ላክልኝ። ልጃችን ገና እየተማረ ነው በላት።»

በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ጎረቤታችን ሱሲ ለሕክምና ስትመጣ የምታደርስልሽ የአጋዘን ምላስና የጀርባ ስብ እንግዲህ የእኔ አይደለም፤ እሱ አድኖ ያመጣው ነው። ስትበዪ እሱን መርቂው። እኔን ለጊዜው ተዪኝ።

አብራሽ ያለችውን እህቴን ሚያሊን ሳሚልኝ፤ እንዳትስቅብኝ ንገሪልኝ። ሕፃን ልጇንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ክፍልሽን የምትጋራሽን አሮጊት እጅ ንሺልኝ። አክስቴ ኒፒሳ ሰላም ብላሻለች፤ ስፖንጁን ስለመለሰች መርፌ የምትሰካበት ላኪልኝ ትላለች። ባልሽም ሰላም ብሎሻል፤ ዛሬ እኛ ጋ ነው ራቱን የሚበላው።

ልጃችሁ አይፒሊ

አርቪያት፣ ጥቅምት 4 ቀን