የታሰረችው ልብ ወለድ ትፈታልን፦ ለንባብ ኮሚቴው ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ማስረሻ፣ የቀበሌያችን የንባብና የባህል ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ከናዝሬቱ ሴሚናር ለስላሳ ወንበር ጋር ተስማማ? እኛ እዚህ መርካቶ፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ከሄዱ ወዲህ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ምንም ሳናነብ በሰላም እንገኛለን።

በመጽሔት ላይ በይፋ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ብመላለስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከሚል በቀር መልስ ስላጣሁ ነው። አንባቢዎቼ ነገሩ እንዳይጠፋባቸው ከሥሩ ልጀምር፤ እርስዎም ቢሆኑ መጽሐፏን ሳያነቡ ስለፈረዱባት ቢሰሙት አይጎዳዎትም።

በቀበሌው ንባብ ቤት አንዲት ቀጭን ልብ ወለድ ነበረች። ታሪኳ አጭር ነው። ሥራ የያዘች ጎልማሳ ልጅ ሳታገባ ቤት ተከራይታ ትወጣለች። እናት በድብቅ ባስቀረጸችው ቁልፍ፣ ልጅ በሌለችበት እየገባች ወጥ ትሠራለች፣ አልጋ ታዞራለች፣ ያልወደደችውን ቀሚስ አውጥታ ለነዳይ ትሰጣለች። ልጅም አንድ ቀን ጓጉንቸሩን ትቀይራለች። በቃ ይኸው ነው፤ ሰው አልሞተ፣ መንግሥት አልተነካ።

ታዲያ ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጡት እትዬ ሐጀራ «ያንቺን ጉድ ጽፈውታል» የሚል ወሬ ደረሳቸው። ልጃቸው ኢክራ በእርግጥም ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ቤት ተከራይታ፣ እናቷ መጋረጃዋን ቢቀይሩባት እሷ ቁልፏን ቀይራ ነበርና፣ ሁለቱ ሰላም የሚባባሉት በጎረቤት በኩል ነበር። እትዬ ሐጀራ «ማን ነው የጻፈብኝ?» ብለው መጽሐፏን አስመጡ፤ ፊደል ስላልቆጠሩ አንባቢ አስፈለጋቸው። ኢክራም «እኔም ማን እንደጻፈብኝ ልወቅ» ብላ መጣች። ከዚያ በኋላ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት፣ በጫማ ካርቶን መካከል ተቀምጠው፣ አንድ ገጽ እያነበቡ ሁለት ገጽ የሚሆን ይጨቃጨቁ ጀመር። መጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ሲቀር እርስዎ ደረሱ። ቅሬታዬም እነሆ፦

አንደኛ፣ «የአንባቢያን አስተያየት መስጫ መድረክ» ብለው ጠርተውን ሲያበቁ፣ መድረኩን ግምገማ ስላደረጉልን ከልብ እናመሰግናለን። የመጽሐፏ እናት ግለ ሂስ አላደረገችም ተብላ ስትወቀስ፣ ልብ ወለድ ናት የሚል አንድ ሰው እንኳ ከመድረኩ አለመገኘቱ የኮሚቴውን የአመለካከት አንድነት ያሳያል። ይልቁንም «ሴትየዋ በየትኛው ቀበሌ እንደተመዘገበች ይጣራ» መባሉ አርቆ አሳቢነት ነው። ተጣርቶ ከተገኘች ለእኛም ይንገሩን፤ ብዙ የምንጠይቃት ነገር አለን።

ሁለተኛ፣ በአንባቢ አስተያየት ላይ ድምፅ ማሰጠትዎ። «እናት ትክክል ናት የምትሉ» ሲሉ እትዬ ሐጀራ ሁለት እጃቸውን አወጡ፤ «አንዱ የእኔ፣ አንዱ መምጣት ላልቻለችው ለመጽሐፏ እናት» አሉ። ኢክራ ከኋላ ወንበር ሆና «እማዬ፣ እዚህም በሰው ቤት ገባሽ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎ ግን ሳይስቁ «ውክልና አለዎት ወይ?» ብለው ጠየቁ። ይህን የመሰለ ለሕግ የቆመ ሰው ከየት ይገኛል!

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ ሙናዊርም ልመስክር። ጓጉንቸር ነጋዴው ጋሼ ሙናዊር «ደራሲዋን አላህ ይጠብቃት፣ ሁለተኛ ክፍል ትጻፍልን፤ እናቶችም ልጆችም እኔ ጋ ነው የሚመጡት» ያሉት የሥነ ጽሑፍ ሂስ ነበር። እርስዎ ግን መጽሐፏ የአካባቢውን ጸጥታ እንደምታናጋ ማስረጃ አድርገው ያዙት።

ሦስተኛ፣ ድምፁ እኩል ለእኩል ስለወጣ፣ እናቶችና ልጆች መግባባት ላይ እስኪደርሱ ድረስ መጽሐፏ በብረት ቁም ሣጥንዎ ተቆልፎባት ትቆይ ማለትዎ። ከአሠራር ለውጡ ወዲህ ፋይሎች በራሳቸው ተደርድረው፣ አቧራው በራሱ ጠፍቶ እንደሚያገኙት በኩራት የነገሩን ያ ቁም ሣጥን መሆኑ ነው። እናቶችና ልጆች እስኪግባቡ! ጌታዬ፣ ከዚያስ በፊት ቁም ሣጥኑ ራሱ ዝጎ ይከፈታል። ሌላ ቅጂ ፍለጋ ምን አለሽ ተራ ድረስ ወረድኩ፤ የአውሮፕላን ብሎን በሚገኝበት መርካቶ እሷ ብቻ ጠፋች።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ኢክራ መምጣት አቁማለች። የምታነበው ሳይኖር ምን ብላ ትምጣ? እናትም «ናፍቀሽኛል» ከሚሉ ሱቃቸውን ቢዘጉ ይቀላቸዋል፤ ልጅም የእናቷ ልጅ ናት። እትዬ ሐጀራ ባለፈው በሱቁ ሳልፍ፣ ደንበኛ የጫማ ቁጥር እየጠየቀቻቸው እሳቸው መንገድ መንገዱን ያያሉ። «ኢክራ እናትየዋን በሩ ላይ ትታት ነው የቀረችው፤ ልጅቷ ትክፈትላት አትክፈትላት ሳላውቅ» አሉኝ። ስለ መጽሐፏ ነበር የሚያወሩት። ይመስለኛል።

ስለዚህ ከተመቸዎት፣ ከሴሚናሩ ሻይ ዕረፍት ከተረፈዎት፣ ያችን አንዲት ምዕራፍ ይልቀቁልን።

ለሚቆለፍ ነገር ሁሉ ያለዎትን ፍቅር ሳደንቅ የምኖር፣ ዕድሜና ጤና፣ ሲተርፍም የማንበቢያ ጊዜ የምመኝልዎ፣
ታዛዥ እህትዎ ቦሰና፣ የዚህ አምድ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል፣ እናትዎ እማማ እታገኝ ነገሩን ሰምተው ብቅ አሉ። «ኮቱን ላጥብ ስወስድ በኪሱ ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ አስቀርጬዋለሁ፤ እናት አይደለሁ?» አሉና ቀጥታ ወደ ቢሮዎ። ዘበኛው ለምዷቸዋል፤ ለካ ፋይሉን የሚደረድሩት፣ አቧራውንም የሚጠርጉት እሳቸው ኖረዋል፤ የአሠራር ለውጡ ይቅርታ ይደረግለት። ቁም ሣጥኑን ከፈቱልኝ፤ መጽሐፏን ይዘን ዱባይ ተራ ሄድን፣ ኢክራም ተጠርታ መጥታ መጨረሻውን ምዕራፍ አነበበችልን። ፍጻሜውን እንዳልነግርዎ እናትዎ አስምለውኛል፤ «ራሱ ያንብበው» ብለዋል። እትዬ ሐጀራ «መጀመሪያው ጠፍቶብኛል፤ ነገ ከገጽ አንድ ጀምሪልኝ» አሉ። መጽሐፏን በቃላቸው እንደሚያውቋት ኢክራ ታውቃለች። «እሺ እማዬ፣ ነገ እመጣለሁ» አለች።

እናትዎ ደግሞ አደራ ብለዋል፦ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ እንዳይቀይሩ። ቢቀይሩትም ኮትዎ መታጠቡ አይቀርም።