ከአቶ ደምሴ በላይ የተኛው

መስከረም 14

አሸንዳው ዛሬም ያፈሳል። በወንዶች በኩል ባልዲ ደርድረናል፤ በቅዳሴው መሐል ጠብ ጠብ ሲል ዲ/ን ብሩክ ሳቁን ዋጠ። ጣሪያ የሚወጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ኮንስትራክሽን ገብቷል። ድምፅ ማጉያውም ታሟል፤ የመኪና ሬዲዮ ይጠልፋል። ባለፈው ወንጌል ሲነበብ አንድ ሾፌር ስለ ጎማ ሲጨቃጨቅ ሰማን።

ከሰዓት ከክ/ከተማ ሰዎች መጡ፣ ቀይ ቀለም ይዘው። መንገዱ ሊሰፋ ነው። የምሥራቁ አጥር ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያ በኩል ባሉት መቃብሮች ላይ ሁሉ ምልክት አደረጉ። በጋው ሳያልቅ ዐፅሞቹ ይነሡ፣ ቤተሰብ ይጠራ አሉ። ትሑት ልጆች ናቸው፤ ለጠብ አይመቹም። አንደኛው ምልክት ባደረገ ቁጥር ያማትባል።

የታችኛው ሠፈር ከፈረሰ ወዲህ የማስተዳድረው ደብር ሕያዋን ሳስተውብኛል። ዘንድሮ ደግሞ ሙታኑን ላንቀሳቅስ ነው። ማስታወሻዬ፣ አንተ እንኳ አትሂድብኝ።

ጥቅምት 3

ከአጥሩ ሥር፣ ከአቶ ደምሴ መቃብር ጎን፣ መሬቱ ሰመጠ። አቶ ደምሴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔ ሳልወለድ ነው ያረፉት። ነገሩ አይገርምም፤ መሬቱ ዋልካ ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቄሰ ገበዙ አባ ታምሩ ድንጋይ ሞሉበት። ተስተካከለ።

የአሸንዳው ሰው ዛሬም ቀረ።

ጥቅምት 9

ጉድጓዱ ድንጋዩን ውጦታል። ከሌላው መቃብር አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እንደገና ሞላነው። አባ ታምሩ ከእንግዲህ በዚያ በኩል አልሄድም አሉ። ምን አገኘዎት ብላቸው፣ የሚተነፍስ መሬት አልወድም አሉኝ። ሳቅሁ።

በኋላ ብቻዬን ሄጄ ቆምኩ። ጠራራ ፀሐይ ነው። አስፋልቱ ላይ ተሳቢዎቹ ያጓራሉ። ድንገት ሁሉም ያለፉበት አንድ ቅጽበት ሆነና ጸጥ አለ። ከእግሬ ሥር አፈር ሲንሸራተት ሰማሁ። በቀስታ። ሰው ፍራሽ ላይ ሲገላበጥ እንደሚሰማው።

አይጥ ይሆናል። ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ከእንግዲህ ግን እኔም በዚያ በኩል አላልፍም፤ ኅብስቱ በሚጋገርበት በቤተልሔሙ በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። ለአባ ታምሩ አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 21

በዓሉ ደመቀ። ወደ ኮንዶሚኒየም የተበተኑት ሳይቀሩ መጡ። ደስ አለኝ።

አንድ ነገር። ወ/ሮ አስካለ የሚባሉ ምእመን አሉን፤ ዝምተኛ ናቸው፣ በጋም ክረምትም ውጪ፣ ምሥራቁ አጥር ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ለምን ወደ ውስጥ አይገቡም ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ሁሉም የለመደው ቦታ አለው። ዛሬ ሕዝቡ ሲበተን ጠብቀውኝ፣ ቁፋሮው ጥልቅ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። ሳጥኑ እስኪገኝ ድረስ ነው አልኳቸው። ከሳጥኑ በላይ ያለውን አፈርስ የት ትጥሉታላችሁ አሉ። አፈር ነው እኮ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ታኅሣሥ 18

ቤተሰቦች እየመጡ ነው። ጸሎት እናደርሳለን፣ ይቆፈራል፣ ዐፅሙ በአዲስ ሳጥን ሆኖ ከቤተልሔም ጀርባ ያርፋል። እንደገና ለቅሶ። አንዲት ሴት የእናቷን ሹሩባ አይታ አወቀችው። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ማታ እራት አልበላ አለኝ፤ ባለቤቴ የምሠራው ሽሮ ምን አጠፋ ብላ ተቆጣች።

አሸንዳው ተሠራ! አሁን ዝናቡ የለም።

ጥር 17

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዛሬ ጠዋት የአቶ ደምሴ ተራ ነበር። ልጃቸው ወ/ሮ ሠናይት ከነልጆቿ መጣች። ቆፋሪዎቹ ብዙም ሳይወርዱ አንደኛው አካፋውን ጣለና ወጣ። ሄጄ አየሁ። ሳጥን የለም። የበሰበሰ ሰሌን፣ በሰሌኑ ውስጥ ሰው። ቀጭን አጥንት፤ ወጣት። አንድ እግሩ ላይ የላስቲክ ጫማ፣ ምንም ያልሆነ። የአቶ ደምሴ ሳጥን ከእሱ በታች፣ እንደተዘጋ።

ወ/ሮ ሠናይት አልጮኸችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባ፣ እኔ ስንት ዓመት ነው የማለቅሰው? አባቴ ላይ ማን ተኝቶ ነው?" አለች።

ፖሊስ እስኪመጣ ፍትሐቱን እናድርስ አልኩ። የአቶ ደምሴ የክርስትና ስም ኃይለ ማርያም ነው፤ ጠዋት ሠናይት ነግራኛለች። ስሙ የሚጠራበት ቦታ ስደርስ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። ወልደ ትንሣኤ አልኩ።

አልሳትኩም። ስሳት አውቀዋለሁ፤ ምላስ ይደናቀፋል። ይሄ እንደ ውሃ ነው የወጣው። ብሩክ ቀና ብሎ አየኝ። አስተካክዬ ቀጠልኩ። ደግሞ በሚጠራበት ቦታ ያው ስም መጣ።

በደብራችን በዚህ ስም የማውቀው ሰው የለም።

ጥር 18

ፖሊሶቹ ጨዋ ናቸው። የሚመረምር ባለሙያ እስኪመጣ አደራ አሉን። ዐፅሙን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለን ሰንበት ት/ቤቱ ክፍል አኖርነው። መዘምራኑ ልምምዳቸውን ወደ ዛፍ ሥር አዛወሩ፤ ማንም አላዘዛቸውም። በክፍሉ መስኮት በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ የተኛ ሰው እንዳለ።

ብሩክን ለብቻው ጠራሁት። ምን ሰማህ አልኩት። ወልደ ትንሣኤ አለ። ምናልባት ድምፅ ማጉያው ይሆን አልኩ። አባታችን፣ ውጪ ነበርን እኮ፣ ማጉያ አልነበረም አለኝ።

ባለቤቴ ከሆነ ቦታ ሰምተኸው ይሆናል አለች። ከየት? እዚህ ከመጣሁ ገና አራት ዓመቴ ነው።

የካቲት 2

ወ/ሮ አስካለ ቢሮ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። እንዳይረሳኝ የተናገሩትን እንዳለ ልጻፈው።

"አባ፣ ሰሌኑ የኛ ነው" አሉ።

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድማቸው ተማሪ ነበር። ወሰዱት፤ በሳምንቱ ወንዙ ዳር ተጥሎ ተገኘ። የተገደለ ማንሣትም፣ ማልቀስም ክልክል ነበር። አባታቸው የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ፤ ሊመሽ ሲል ጋሪ ተከራይተው ሄዱ፣ ሴት ልጅ ስትኖር ሰው አይጠረጥርም ብለው ወ/ሮ አስካለን ፈረሱን አስያዟቸው። ያኔ ልጅ ነበሩ። ያን ዕለት አቶ ደምሴ ተቀብረዋል፤ አፈሩ ትኩስ ነው፣ ቢነካ ማንም አያውቅም።

"አባቴ እያለቀሱ አልነበረም" አሉ። "እኔ ፈረሱን ይዤ አያቸዋለሁ፤ እንደ አትክልት ነበር የሚቆፍሩት።"

ለማንም አልተናገሩም። ዘመኑ ካለፈ በኋላስ ብላቸው፣ ዝም ማለት ይለመዳል አሉኝ። ውጪ የሚያስቀድሱት ለዚህ ነው።

የክርስትና ስሙን ጠየቅሁ።

"ገብረ ሚካኤል" አሉ።

እንደገና ጠየቅሁ። ያው ነው። ታዲያ ወልደ ትንሣኤ ማነው? ያን ዕለት ከአፌ የወጣውን ነገርኳቸው። ያኔ ተቀመጡ።

"ሁለት ነበሩ" አሉ።

ወንዙ ዳር ከወንድማቸው ጎን ሌላ ልጅ ወድቆ ነበር። የማያውቁት። አባታቸው አንዱን ጭነው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጋሪውን መለሱ፤ ያንንም ጫኑት። ሰሌኑ አንድ ስለነበር ለእሱ ኮታቸውን አለበሱት። ከአቶ ደምሴ ሳጥን በላይ ለሁለት የሚሆን ቦታ ስላልነበረ ከጎን ገብተው አሰፉለት፣ ወደ አጥሩ በኩል።

መሬቱ የሚሰምጥበት በኩል።

የካቲት 4

የመንገዱን መሐንዲስ ለመንኩት። አጥሩን ለማፍረስ ማሽኑ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ እስከ ቀትር እጠብቃችኋለሁ አለ። ፖሊስ ቆሞ አስቆፈርን። ተገኘ። እኛ የሞላነው ድንጋይ ደረቱ ላይ ነበር። አባ ታምሩ ተንበርክከው ድንጋዩን አንድ በአንድ በእጃቸው አነሡ፤ ሌላ ሰው አላስነኩም። ከኮቱ የቀረው አዝራሩና ትንሽ ጨርቅ ነው።

ወ/ሮ አስካለ ሁለቱንም ሳሙ። ወ/ሮ ሠናይትም መጥታ ነበር። አጠገባቸው ቆማ ቆየችና በኔ አባት ቤት እንግዳ ነበሩ ለካ አለች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ሁለቱ አሁን ሰንበት ት/ቤቱ ክፍል ናቸው። አጥሩ ከሰዓት ፈረሰ። ከቢሮዬ መስኮት አስፋልቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቀጥታ የሚያየኝ ይመስለኛል።

መጋቢት 11

ባለሙያው መጥቶ አየ፤ ዕድሜያቸውንና የተመቱበትን ጻፈ። ፖሊስ መቅበር ትችላላችሁ አለ። የፊታችን እሑድ ሁለቱንም ከቅዳሴ በኋላ እናሳርፋለን።

ዛሬ ዐውደ ምሕረት ላይ ተናገርኩ። በዚያ ዘመን ወጥቶ የቀረ ልጅ ያላችሁ፣ አንዱ ባለቤት አልተገኘለትምና ኑ እዩት አልኩ። የጠራሁትን ስም ግን አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መጋቢት 14

እየመጡ ነው። አንድ ሁለት ሰው ይመጣ ይሆናል ብዬ ነበር።

ከአቃቂ በሰቃ ሽማግሌ፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው። ከቂሊንጦ አንዲት መነኩሲት። ከየት እንደሰሙ አላውቅም፤ ከሌላ ከተማ ሳይቀር። አዝራሩን ያያሉ። አንዳንዱ ይዳብሰዋል። ኮቱ የልጁ አይደለም፣ የቀባሪው ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ቢሆንም ይነኩታል። ከዚያ የልጃቸውን ስም ነግረውኝ ይሄዳሉ። ፍርድ ስጠኝ ያለ የለም። ስሙን ስማልኝ ብቻ።

ማንም ወልደ ትንሣኤ አላለም። እያንዳንዱ አፉን ሲከፍት እጠብቃለሁ። ሳይለው ሲቀር የሚሰማኝ ቅሬታ ይሁን እፎይታ፣ መለየት አቃተኝ።

መጋቢት 16፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት

ነገ ቀብሩ ነው። ሁለቱም ጉድጓድ ተዘጋጅቷል፣ ሁለቱ ሳጥኖችም መጥተዋል።

አሁን ጋሽ ሸምሱ ወጡ። በራችን ላይ ሱቅ ያላቸው፤ ስኳርም ሳሙናም ጧፍም የምንገዛው ከእሳቸው ነው። ስልጤ ናቸው፤ ከዚህ ደብር ካህናት በፊት እዚህ የነበሩ። በየቀኑ ብንተያይም ግቢያችን ገብተው አያውቁም። ዛሬ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ተዉ ብላቸው እንቢ አሉ።

ሰንበት ት/ቤቱ ክፍል ወሰድኳቸው። በሩ ላይ ቆሙ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ታላቅ ወንድማቸው ከድር እዚሁ አቃቂ ይማር ነበር። በዚያው ዘመን ለዳቦ ወጥቶ ቀረ። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ በሩን አያስቆልፉም ነበር። እኔ ትንሽ ነበርኩ፣ መልኩ እንኳ ጠፍቶብኛል አሉ።

ከዚያ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ በእርጋታ ነው፣ ዕቃ ሲሰጡ በሚናገሩበት ድምፅ።

"አባ፣ የአስካለ ወንድም የእናንተ ነው፣ እሺ። ያኛው ልጅ ክርስቲያን መሆኑን በምን አወቃችሁ?"

አፌን ከፈትኩ። ያለኝ መልስ አንድ ስም ነው። ጥር ላይ ጉድጓድ አፋፍ ቆሜ ሳላስበው ያልኩት፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ስም። ማዕተብ አልተገኘም። ምንም አልተገኘም። ወራቱን ሁሉ ያን ስም አምኜ ኖሬያለሁ፤ ሳጥኑ ላይ መስቀል በብሎን ያሳሰርኩት በእሱ ነው።

አላውቅም አልኳቸው።

ጋሽ ሸምሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አላውቅም፣ ግን ወንድሜ ቢሆንስ አሉ። ጫማቸውን አድርገው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ቀብሩን አቁሙ አላሉኝም። አልለመኑኝም። ይሄ ነው የከበደኝ።

ወ/ሮ አስካለ ጋ ደወልኩ። አባቴ ሲጭኑት ማን እንደሆነ አልጠየቁም አሉ።

አባ ታምሩ ሕዝብ ተጠርቷል፣ ነገሩን አታበላሸው አሉኝ። ብሩክ ስሙን አብረን ሰምተናል እኮ አለ። እውነቱን ነው። ሰምተናል። አሁንም ይሄን ስጽፍ ስሙ አፌ ላይ አለ፣ ሳልጠራው።

ወስኛለሁ። ነገ ገብረ ሚካኤልን ብቻ እንቀብራለን። ለተሰበሰበው ሰው እኔው እናገራለሁ፤ ይቆጣኝ። ሰኞ ጠዋት ከጋሽ ሸምሱ ጋር ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ አጥንትና ደም የሚያመሳክር ምርመራ አለ ይባላል፣ ይጠየቅልን። የፈጀውን ይፍጅ። ውጤቱ እስኪመጣ ልጁ እዚያው ክፍል ይቆይ። መስቀሉን ከልጁ ሳጥን ላይ አሁን ሄጄ አነሣለሁ፣ ሳይመሽ። መፍቻው ከአባ ታምሩ ጋር ነው፣ ልጠይቃቸው።