የዩካህ ቆርቆሮ

ውድ ባለቤቴ ተሰማ፣

እኔ ዛፍ አላመልክም። የነቀምቴን ወሬ ወደዚያ የሚያደርስልህ ካለ፣ እውነቱን ከእኔ ስማ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአጥሩ ቀዳዳ አይታኝ፣ የተሰማ ሚስት ግንድ ታቅፋ ቅቤ ትቀባለች ብላ ለጸሎት ጓደኞቿ አወራች። ገበያ ሳልፍ ሴቶቹ በኦሮምኛ ያንሾካሹካሉ፤ ቋንቋውን እንደነሱ እንደምሰማ ረስተውታል። የቀባሁት አመድ ነው። አመድና ቅቤ በቀለምም አይመሳሰሉም።

ከተለየኸኝ አሥር ወር ሊሞላ ነው። በሰው ፊት አንቱ፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ እልህ ነበር። አሁን ሁልጊዜ ብቻችንን ነንና አንተ እልሃለሁ። ቤቱ እንዳለ ነው። ጉልበቴ ግን ከበር እስከ አጥር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያሳርፈኛል።

ዩካ የምትለውን ተክልህን ለመንግሥት ሥራ ድሬዳዋ የሄድህ ጊዜ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ግቢ ለምነህ፣ በጆንያ ጠቅልለህ አመጣኸው። የበረሃን ተክል ወለጋ ዝናብ ውስጥ መትከል ስሕተት ነው አልሁህ። አንተ ግን እግሩ ከደረቀለት ይኖራል ብለህ፣ ከዴዴሳ አሸዋ አስጭነህ ከድንጋይ ጋር ቆልለህ ተከልኸው። ሰዉ የፈረንጅ ቃጫ አለው። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ፣ ጫፉ እንደ መርፌ፣ ከጠርዙ ነጭ ክር የሚተረተር፤ ስንት ቀሚሴን ቀዶብኛል። ክረምት ሲገባ በአራት እንጨት ላይ ቆርቆሮ ስትመታለት፣ ተሰማ ኩሽናው እያፈሰሰ ለቃጫ ቤት ሠራ ብለው ሳቁብህ። ኩሽናውም እውነት ያፈስ ነበር። አንተ ግን በረጅም ዘንግ ላይ እንደ ደወል የሚንጠለጠል ነጭ አበባ ያወጣል እያልህ በየዓመቱ ጠበቅህ። ሳታየው ቀረህ።

ያረፍኸው በሐምሌ ነው። ለዳሱ ቆርቆሮ ሲያንስ የዩካህን ክዳን ነቀሉ። ከቀብር የተመለሰው ሁሉ እዝን ለመቅመስ እጁን የታጠበው ከበሩ አጠገብ፣ ዩካህ ሥር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ በመስኮቱ አያለሁ። መስመር አጎበጥሽ ተብዬ በአርጩሜ እየተገረፍሁ የተማርሁ፣ የሰው ስሕተት ሳላርም የማላልፍ ሴት፣ ሊያጽናኑኝ የመጡትን እዚያ አትታጠቡ ማለት አቃተኝ።

በመስከረም መሐሉ ቢጫ ሆነ። በኅዳር ግንዱን ስጫነው ጣቴ እንደ በሰለ ሙዝ ውስጥ ገባ። አንተ እንዳስተማርኸኝ ከጤነኛው ቦታ ላይ ባለ ቅጠሉን ራሱን ቆረጥሁ፤ ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ ቁስሉን አመድ ቀባሁት። አዴ ጫልቱ ያየችኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በጥላ አደረቅሁትና በደረቅ አሸዋ ተከልሁት።

ሥር ያውጣ አያውጣ አላውቅም። ነቅሎ ማየትን የከለከልኸኝ አንተ ነህ። ከመሐሉ አንድ ቅጠል ከፍ ያለ ይመስለኛል፤ በክር ለክቼው ነበር፣ ክሩን ግን የት እንደጣልሁት አላስታውስም። እንዲህ ሆኛለሁ።

አሁን ሰማዩ በአርጆ በኩል ጠቁሯል። ከክረምቱ በፊት ካልተከደነ ይኸኛውም ይበሰብሳል፤ ሌላ የሚቆረጥ ራስ የለውም። ቆርቆሮው ደግሞ ዳሱ ሲፈርስ ተሳስተው ወስደውት የአዴ ጫልቱን ዶሮዎች ከድኗል። በየቀኑ አየዋለሁ። በፊት መለመን አፍሬ፣ ኋላ በወሬዋ ተቀይሜ ዝም አልሁ። ደክሞኛል ተሰማ፤ መቀየሙም ደከመኝ።

አንተን አልረሳህም። አበባው ከወጣ ላንተም ጭምር አየዋለሁ፤ ባይወጣም የጠበቅኸውን ያህል እጠብቃለሁ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ወደ አዴ ጫልቱ ሄጄ በቋንቋዋ እንዴት አደርሽ፣ አካም ቡልቴ እላታለሁ። ቆርቆሮውን እንድትመልስልኝ እጠይቃታለሁ፤ ለዶሮዎቿ ኩሽና ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ ቆርቆሮ እሰጣታለሁ። ይዛው ስትመጣ የአመዱን ጣሳ ከፍቼ በጣቷ አስነካታለሁ። ከዚያ እሷ እንጨቶቹን ትይዝልኛለች፣ እኔ ምስማሩን እመታለሁ፤ የት እንዳስቀመጥኸው አውቃለሁ። ስንጨርስ እጃችንን ከአጥሩ ውጭ እንታጠባለን።